ማዋለድ ልተው ወይስ ልቀጥል? ስለ ሐኪሞች የኃላፊነት ኢንሹራንስ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አነስ ያለች የግል ክሊኒክ ያለችኝ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ነኝ። 57 ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ በእኔ ምክንያት ለማንም ካሳ ተከፍሎ አያውቅም። በሕክምና ስህተት ለሚመጣ ክስ የምገዛው የማልፕራክቲስ ኢንሹራንሴ ዋጋ ግን ዘንድሮም ጨመረ። የማዋልዳቸው እናቶች ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን) ነው ያላቸው። ማዋለዱን ትቼ የማህፀን ሕክምና ብቻ ልሥራ? ቨርጂኒያ ልሻገር? ሆስፒታል ልቀጠር? ደግሞስ ሳላጠፋ ለምንድን ነው የምቀጣው? የሙያ ጓደኛዬ ‹ከሥራ ያስወጡን ጠበቆች ናቸው› ይላል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ዶክተር፣ ጓደኛዎ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ሳያዩ ከወሰኑ ግን ብዙ ገንዘብ ሊያጡ ይችላሉ። እኔ ከሐኪሞች ኢንሹራንስ ጋር ውዬ የማድር ሰው ነኝ። ሪኒዋል (የውል ማደሻ ጊዜ) በደረሰ ቁጥር የምሰማው ጥያቄ ይኸው የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

«ሳላጠፋ ለምን እቀጣለሁ?» ብለዋል። ኩባንያው ዋጋ ሲያወጣ መጀመሪያ የሚያየው የእርስዎን እጅ አይደለም፤ የተመደቡበትን ምድብ ነው። ስፔሻሊቲዎ ምንድን ነው? የት ካውንቲ ነው የሚሠሩት? ውሉን ከያዙ ስንተኛ ዓመትዎ ነው? ዋናው ዋጋ በዚህ ያልቃል። የግል ታሪክዎ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በትንሽ ቅናሽ መልክ። ማያሚ ውስጥ የሚያዋልድ ሐኪም የሚጠየቀው የዝርዝር ዋጋ በዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ነው። ያው ሐኪም ሎስ አንጀለስ ቢሠራ 50,000 አካባቢ ይሆናል። ሙያው አንድ፣ ምጡ አንድ፣ ዋጋው አራት እጥፍ። ልዩነቱ የመጣው ከስቴቱ ሕግ፣ ከጁሪው (ፍርድ ቤት ተቀምጠው ከሚፈርዱት ተራ ዜጎች) ልማድና ከገበያው ነው።

ካሳ አለመክፈልም ከክስ ወጪ አያድንም። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ በየዓመቱ ከ100 የአሜሪካ ሐኪሞች በ7ቱ ላይ ያህል የካሳ ጥያቄ ይቀርባል። ገንዘብ እስከ መክፈል የሚደርሰው ግን ከ100 ሐኪሞች ሁለት እንኳ አይሞላም። ለክስ የበለጠ በተጋለጡት ስፔሻሊቲዎች 65 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከ100ው 99ኙ ቢያንስ አንዴ ይህ ይደርስባቸዋል ተብሎ ተገምቷል። አብዛኛው ክስ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባዶ እጁን እስኪመለስ ግን ጠበቃ ይከፈላል፣ የሕክምና ምስክር ይከፈላል፣ ዓመታት ይነጉዳሉ። ሐኪሙም ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የለውም።

ታዲያ ማዋለድ ለምን ከሌላው ተለየ? ሕፃኑ ገና ዕድሜው ሙሉ ከፊቱ ስለሆነ ነው። በምጥ ጊዜ ኦክስጅን አጥቶ አእምሮው ለተጎዳ ልጅ የካሳ ስሌት ሲሠራ የ50 እና የ60 ዓመት እንክብካቤ ይታሰባል። ነርስ፣ ዊልቸር፣ ቴራፒ፣ ለእሱ እንዲመች የተሠራ ቤት፣ ሠርቶ ሊያገኘው ይችል የነበረ ደመወዝ። በዚያ ላይ ጊዜው ረጅም ነው። በብዙ ስቴቶች ለአዋቂ የተሰጠው የክስ ጊዜ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ በልጁ ስም ክስ ሊመሠረት ይችላል። ኩባንያው ዛሬ የሚቀበለው አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ገና ያልታወቀ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚመጣ የማይታወቅ ዕዳ መሸፈኛ ነው። ያልታወቀ ነገር ደግሞ ውድ ነው።

እዚሁ ሰፈራችን ባልቲሞር በ2019 አንድ ጁሪ ለአንዲት ሕፃንና ለእናቷ ከ229 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደ። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ጉዳዩ በዚህ አለቀ እንዳይመስልዎት። በሁለቱ ዓመት መሃል የነበረው ፍርሃት የራሱን ሥራ ሠርቷል። የተሻረ ፍርድም ቢሆን የሚቀጥለው ከሳሽ ጠበቃ «እዚያ እንዲህ ተፈርዶ ነበር» ብሎ ለመደራደር ይጠቀምበታል።

ጓደኛዎ የሳቱት ግማሽ ይህ ነው፦ አረቦን የሚጨምረው በክስ ብዛት ብቻ አይደለም። ኩባንያዎቹ የሚሰበስቡትን ገንዘብ እስኪከፍሉት ድረስ በአብዛኛው ቦንድ ውስጥ ያስቀምጡታል። ወለዱ ሲያምር እርስ በርስ ይሽቀዳደማሉ፤ አረቦን ያረክሳሉ፣ ደንበኛ ይሻማሉ። ወለዱ ሲወርድ፣ የጠለፋ ዋስትና (ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚገዙት ኢንሹራንስ) ሲወደድ፣ የድሮ ክሶች ከተጠበቀው በላይ ሲያስከፍሉ፣ ያረከሱትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማካካስ ይነሳሉ። ይህ አዙሪት በ1970ዎቹ አጋማሽ መጣ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ መጣ፣ ከ2001 በኋላም መጣ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ እንደገና ውስጡ ነን። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ በሚከታተለው የዋጋ ዝርዝር ላይ በ2024 ግማሽ ያህሉ ዋጋ ከዓመቱ በፊት ከነበረው ከፍ ብሎ ነው የተገኘው።

የ2001ዱን ዙር ላስታውስዎ፣ ከዛሬው የከፋ ነበርና። በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ የሐኪም ኢንሹራንስ ሰጪዎች አንዱ የነበረው ሴንት ፖል በ2001 መጨረሻ ላይ ከዚህ ሥራ ጨርሶ እወጣለሁ አለ። ከ40,000 በላይ ሐኪሞች ሌላ ኩባንያ ፍለጋ ወጡ። በ2002 ክረምት ላስ ቬጋስ ውስጥ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አረቦኑን አልቻልንም ብለው በመልቀቃቸው የዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የድንገተኛ አደጋ ማዕከል 10 ቀን ተዘጋ። ደቡብ ኔቫዳ ውስጥ ከባድ አደጋ የደረሰበትን ሰው በዚያ ደረጃ የሚቀበል ሌላ ማዕከል አልነበረም። የስቴቱ ምክር ቤት ተጠርቶ ሕግ አወጣ። በ2003 ጥር ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ቀዶ ሐኪሞች ሥራ አቆሙ።

ሜሪላንድም አልቀረላትም። አብዛኛውን የግል ሐኪም የያዘው ሜዲካል ሚውችዋል የተባለ የኢንሹራንስ ኩባንያ በ2004 28 በመቶ፣ ለ2005 ደግሞ በላዩ 33 በመቶ ጨመረ። ገዥውና ምክር ቤቱ ተፋጠጡ፤ ገዥው ውድቅ ያደረጉትን ሕግ ምክር ቤቱ በጥር 2005 መልሶ አጸደቀው። ኤችኤምኦ በሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች ላይ 2 በመቶ ግብር ተጥሎ የሐኪሞቹ አረቦን ተደጎመ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ይህ ኩባንያ በ1975 ሴንት ፖል ሜሪላንድን ጥሎ ሲወጣ ለሐኪሞቹ የተቋቋመ፣ ባለቤቶቹም ራሳቸው ሐኪሞቹ የሆኑ ድርጅት ነው። ስለዚህ «የኢንሹራንስ ስግብግብነት ነው» ማለትም አያስኬድም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የተፈራው ክስ ያን ያህል ሳይመጣ ቀርቶ ገንዘብ ተረፈው። ለአባላቱ ላከፋፍል ሲል ስቴቱ «የእኔን ድጎማ መልስ» ብሎ ሙግት ገጠመ። ሁሉም በወቅቱ የፈሩት ከልባቸው ነበር። ዋጋው ግን ከእውነታው ቀድሞ ሮጦ ነበር።

ስለ ጠበቆቹም እውነቱን እንነጋገር። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በኒውዮርክ ሆስፒታሎች ወደ 30,000 የሚጠጉ የ1984 የሕመምተኛ መዝገቦችን አገላብጠው ያገኙት ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል። ከ100 ተኝተው ከታከሙ ሰዎች አንዱ ያህል በቸልተኝነት ተጎድቷል። በቸልተኝነት ከተጎዱት ውስጥ ክስ ያቀረበው ግን ከ100 ሁለት አይሞላም። የተጎዳ ሁሉ አይከስም፤ የከሰሰ ሁሉም አልተጎዳም። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 1,452 የተዘጉ ክሶችን አይቶ፣ ለተጎጂ ከሚከፈለው ከእያንዳንዱ ዶላር ጎን 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለምስክርና ለፍርድ ቤት እንደሚወጣ አሳየ። ለእኔ የሥርዓቱ ትልቁ ነቀፋ ይሄ ነው። ሐኪሙን ያደኸያል፣ የተጎጂውን ልጅ እናት ደግሞ በአማካይ 5 ዓመት ያስጠብቃል።

የካሳ ጣሪያስ? ካሊፎርኒያ በ1975 የሞራል ካሳን (ለሕመምና ለሐዘን የሚከፈለውን) በ250,000 ዶላር ገደበች፤ ለ47 ዓመት ሳይነካ ቆይቶ በ2022 ተሻሻለ። ቴክሳስ በ2003 ተከተለች። (በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2116ም የሞራል ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ አንጻር ካሊፎርኒያ ቸር ነች።) በቴክሳስ ክሱም ክፍያውም አረቦኑም በእርግጥ ወረደ። ሐኪም ከያለበት ጎርፎ ይገባል የተባለው ግን፣ በኋላ ቁጥሩን የመረመሩ የሕግ ምሁራን እንዳሉት፣ አልታየም። ከሕጉ በፊትም የተባለውን ያህል አልሸሸም ነበር። በማዋለድ ላይ ደግሞ የሞራል ካሳ ጣሪያ የሚያግዘው ከፊሉን ነው። ትልቁ ገንዘብ የልጁ የወደፊት እንክብካቤ ስለሆነ የሜሪላንድ ጣሪያ አይነካውም።

እንግዲህ ወደ ራስዎ ጉዳይ። እኔ የማየው ይህን ነው፦ አረቦን ሐኪምን ከሐኪምነት ብዙ ጊዜ አያስወጣውም። መጀመሪያ ከማዋለጃ ክፍል ያስወጣዋል፤ ቀጥሎ ከራሱ ክሊኒክ። የአገሪቱ ምክር ቤት ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 አምስት ስቴቶችን ሲመረምር ተመሳሳይ ነገር ነው ያገኘው። «ሐኪሞች በገፍ ተሰደዱ» ከተባለው ብዙው አልተረጋገጠም። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ማዋለድ የጠፋባቸው ቦታዎች ግን ነበሩ፤ ያውም በአብዛኛው ገጠሮች።

ምክንያቱ ሒሳቡ ውስጥ ነው። ለምሳሌ አረቦንዎ 80,000 ዶላር ነው፣ በዓመት የሚያዋልዱት 80 እናት ነው እንበል። ከእያንዳንዷ እናት ላይ የመጀመሪያው 1,000 ዶላር ወደ ኢንሹራንስ ሄደ። የቤት ኪራዩ፣ የነርሷ ደመወዝ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚደወለው ስልክ ገና አልተነካም። 160 የሚያዋልድ ሐኪም ያንኑ ዋጋ ለ160 ያካፍለዋል፤ 500 ዶላር ይደርሰዋል። ዋጋው የሚተመነው በአብዛኛው በሐኪም እንጂ በወሊድ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ቀድሞ የሚወጣው ትንሽ የሚያዋልደው ነው፦ የገጠሩ፣ በዕድሜ የገፋው፣ ብቻውን የሚሠራው። ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት ሲወደድበት ዳቦው ላይ ይጨምራል። እርስዎ ግን የሜዲኬይድን ዋጋ መጨመር አይችሉም። ለዚህ ነው አረቦንን ብቻ መክሰስ የማይበቃው። ፊላዴልፊያ በ1997 የሚያዋልዱ 19 ሆስፒታሎች ነበሯት፤ ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እዚያ አረቦኑም የሜዲኬይድ ክፍያ ማነስም አብረው ነው የሠሩት።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የውልዎን የመጀመሪያ ገጽ ያውጡና «ሬትሮአክቲቭ ዴት» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ምናልባት ክሊኒክዎን የከፈቱበት ቀን ይሆናል። የእርስዎ ውል «ክሌምስ ሜድ» የሚባለው ዓይነት መሆኑ አይቀርም። ይህ ውል የሚሸፍነው ከዚያ ቀን ወዲህ ለተሠራ ሥራ፣ ውሉ በሕይወት እያለ የመጣን ክስ ነው። ውሉ የተቋረጠ ዕለት እስከዚያ ቀን ያዋለዷቸው ልጆች ሁሉ ያለ ሽፋን ይቀራሉ። ያንን ለመሸፈን «ቴይል» የሚባለውን መግዛት ይኖርብዎታል። ዋጋው የዓመቱን አረቦን አንድ ተኩል፣ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በምሳሌያችን 160,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአንዴ የሚከፈል። አረቦን መረረኝ ብሎ የወጣ ሐኪም መውጫው በር ላይ የሚያገኘው ሒሳብ ይሄ ነው።

ነገር ግን የሚያልፉበት መንገድ አለ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ሐኪሙ ሲሞት፣ አካለ ጉዳተኛ ሲሆን ወይም ጡረታ ሲወጣ ቴይሉን በነፃ ይሰጣሉ። ለጡረታው የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ 55 ዓመት መሙላትንና ከኩባንያው ጋር 5 ዓመት ያህል መቆየትን ነው። እርስዎ 57 ነዎት፤ ሊያሟሉ ይችላሉ። ወጥመዱ «ሙሉ በሙሉ ጡረታ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የማህፀን ሕክምናውን ከቀጠሉ ጡረታ አልወጡም። ሆስፒታል ተቀጥረው ካቋረጡም ጡረታ አልወጡም። አሁን ኩባንያ ከቀየሩ ደግሞ 5 ዓመቱ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። 3,000 ዶላር ለማትረፍ 59 ዓመቱ ላይ ኩባንያ ቀይሮ የነፃውን ቴይል ያጣ ሐኪም ቢያጋጥምዎት አይገረሙ።

ማዋለዱን ብቻ ቢተዉና ከዚያው ኩባንያ ጋር ቢቆዩ ቴይል አያስፈልግዎትም። የድሮዎቹ ወሊዶች በዚያው ውል ውስጥ እንደተሸፈኑ ይቀጥላሉ። ነገር ግን አረቦኑ በማግሥቱ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ። አንዳንዱ ኩባንያ ያለፉትን ወሊዶች ስጋት ተሸክሞ ስለሚቆይ ዋጋውን የሚያወርደው በጥቂት ዓመታት ደረጃ በደረጃ ነው። የየዓመቱን ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ቅናሽ እንዳልተነገረ ይቁጠሩት።

ቨርጂኒያ? ሕጉ ለሐኪም ይመቻል። የሞራሉን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ካሳ ነው የሚገድበው፤ ጣሪያው በጁላይ 2025 2.7 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ነበር። ከዚህ ሌላ በ1987 የወጣ፣ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነ ሕግ አለ። በወሊድ ጊዜ ከባድ የአእምሮ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ከአንድ ፈንድ ዕድሜ ልኩን እንዲረዳ ያደርጋል። ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ የፈንዱ ተሳታፊ መሆን አለበት። እኔ ፈንዱን ከጣሪያው አብልጬ እወደዋለሁ። ጣሪያው ወጪውን ቤተሰቡ ላይ ይጥላል፤ ፈንዱ ቢያንስ ልጁን አይረሳም። ለእርስዎ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ አዲሱ ኩባንያ የሜሪላንዱን ያለፈ ሥራ ይረከባል? ካልተረከበ ያው ቴይል ነው፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ዋሽንግተን ዲሲን ደግሞ አያስቡት፤ ጭራሽ ጣሪያ የለውም።

መቀጠር ብዙዎች የሄዱበት መንገድ ነው። በ2012 ከ100 ሐኪም 60ው በግል ክሊኒክ ይሠራ ነበር፤ በ2024 ወደ 42 ወርዷል። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። ከሆስፒታሉ ሲለቁ ቴይሉን ማን ይከፍላል? ክስ ሲመጣ ሆስፒታሉ ያለ እርስዎ ፈቃድ ከከሳሹ ጋር ካሳ ከፍሎ ሊስማማ ይችላል? ሁለተኛው የሚናቅ አይደለም። በስምዎ የተከፈለ ካሳ ከ1990 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል የሐኪሞች መዝገብ ውስጥ ይገባል። ቀጣሪ ሆስፒታል ሁሉ ያየዋል።

ለእርስዎ ዓይነት ሐኪም የምመርጠው ግን በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉትን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ነው። ብቁ ተብለው በተመዘገቡት ጣቢያዎች የሚቀጠር ሐኪም በሥራው ላይ ለደረሰ ነገር የሚሸፍነው የፌዴራል መንግሥት ነው። አረቦን የለም። ተከሳሹ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ይሆናል፤ ጉዳዩም ያለ ጁሪ በዳኛ ይታያል። ሕመምተኞቻቸውም አሁን እርስዎ ጋ የሚመጡት ዓይነት እናቶች ናቸው። ደመወዙ ከግል ክሊኒክ ሊያንስ ይችላል። የድሮ ሥራዎንም አይሸፍንም፤ ያንን አስቀድመው ይጨርሱ።

«ያለ ኢንሹራንስ ልሥራ» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ይተዉት። ፍሎሪዳ ውስጥ ሐኪሙ ለሕመምተኛው በግልጽ እስካሳወቀ ድረስ የተወሰነ መንገድ አለው። ለእርስዎ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው፦ ሆስፒታሉ የማዋለድ ፈቃድዎን ያነሳል፤ ቤትዎና ቁጠባዎም ለክስ ይጋለጣሉ።

በመጨረሻ እናቶቹ። ዛሬ «ከእንግዲህ አላዋልድም» ቢሉ እንኳ በእጅዎ ያሉት ነፍሰ ጡሮች አሉ። መውለጃዋ የተቃረበን እናት መተው ራሱ ክስ ያመጣል። አንድ ቀን ይምረጡ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወልዱ አዲስ ነፍሰ ጡሮችን መቀበል ያቁሙ። ለሁሉም በደብዳቤ ያሳውቁ፤ በአማርኛም ቢጻፍ ጥሩ ነው። የሚሄዱበትን ሐኪም ይጠቁሙ፣ ካርዳቸውንም በጊዜ ያስተላልፉ። ይህ ሁሉ ሲደማመር ከዛሬ ጀምሮ ዘጠኝ ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ምንም ይወስኑ ምን የዘንድሮውን አረቦን መክፈልዎ አይቀርም። ሪኒዋሉን ይፈርሙ፤ ለቴይሉ፣ ለጡረታው ቅድመ ሁኔታና ማዋለድ ቢያቆሙ ለሚኖረው የየዓመቱ ዋጋ ግን አብሮ የጽሑፍ መልስ ይጠይቁ።